ፊቱን ወደ ቁልቁል

እኛ ሰፈር፣ ታኅሣሥ ሲገባ በሐሩሩ፣
መኪና አይቆምም እንደ ነገሩ፤
ፊቱን ወደ ቁልቁል አዙረው፣ ቁልፉን ከበሩ
ሚስማር ላይ ሰቅለው ነው ሰዎች የሚያድሩ።

መንገዱ አንድ ነው፤ መውጫውም እሱ፣ መግቢያውም እሱ፤
አሥራ ዘጠኝ ቤቶች፣ እንደ ፍየል መንጋ ገደል የሚዳስሱ።
ከታች አደላይድ ሜዳ ላይ ተኝታ ማታ ማታ ታበራለች፤
ቀና ብላ ብታየን
ጫካ ነው የምትለን።

መታጠፊያው ላይ የቆመ ግማሽ ክብ ሰሌዳ አለ፤
ቀስቱ በየጠዋቱ ከቀለም ወደ ቀለም ይሰደዳል።
አረንጓዴ ላይ ካደረ ልብስ እናጥባለን፤
ቢጫ ላይ ከወጣ ሰማይ እናያለን፤
ቀይ ከነካ ግን
ማንም ማንንም «እንዴት አደርክ» አይልም፣
«ፓምፕህ ይሠራል?» ነው ሰላምታው።

ባሕር ዛፍ ይባላል።
ማን እንዳወጣለት እንጃ ይህንን ስም፤
ባሕሩ የታለ? ጠብታ የለውም።
ሆዱ ዘይት ነው፣ ልጡ ችቦ ነው፤
እንደ ተቀደደ ደብዳቤ ከቅርንጫፉ ተንጠልጥሎ
ነፋስ ሲመጣ ይንሾካሾካል፣
«እኔ ዝግጁ ነኝ» ብሎ።

ኬልቪን ትሬሎር ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤
ዛሬም መሰላል ላይ ነው።
ከአሸንዳው ደረቅ ቅጠል በእጁ እየዛቀ ባልዲ ይሞላል፤
ሚስቱ መርል መሰላሉን ጥርቅም አድርጋ ይዛ ትሳደባለች፦
«እሳቱ ሳይመጣ አንተ ልትገድለኝ ነው!»
እሱም ከላይ፦ «አንቺ ብቻ ያዢ።»
የሃምሳ ዓመት ትዳራቸው
ይኸው ነው ባጭሩ።

ስታቭሩላ ደግሞ፣ ከላይኛው ጥግ፣ በለስ የምታጠጣው፣
በድሮው እሳት ሸሽታ ስትመለስ ከቤቷ የቀረ
የናስ እጀታ ነው፤ ያውም የተጣመመ፣ ጎኑ የጠቆረ።
አዲስ ቤት ሠራች፤ አዲሱ በር ላይ እሱኑ ገጠመች።
ስትጨብጡት ይጨብጣችኋል።
«ከእንግዲህ ወዲያ አልሄድም» እያለች
ሠላሳ በጋ ከረመች።

ጥር ላይ ነው፤ ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።
ፀሐይ ቀልታ ዳመና ውስጥ እንደ ፍም ተዳፈነች፤
ዳመናው ግን ዳመና አልነበረም።
ወፎቹ ዝም አሉ።
ስልኮቻችን ባንዴ ጮኹ፣
ሌባ እንዳዩ ውሾች።

ወረድን።
አሥራ ዘጠኝ መኪና፣ መብራቱን አብርቶ፣
አንድ ሰው እንኳ ጥሩምባ ሳይነፋ፤
ቀብር ሸኚ ነው የምንመስለው፣
ሬሳው ግን ከኋላችን ቀርቷል፣
ገና አልሞተም።
ዳቦ ጋጋሪዋ ብሮንዊን ቢጫ ጃኬቷን ለብሳ፣
የእሳት አጥፊ መኪና ላይ ተንጠልጥላ፣
እኛ ስንወርድ እሷ ስትወጣ
እጇን አውለበለበችልን፤ ክንዷ ላይ ዱቄት ነበር።

ስፖርት ሜዳው ላይ ሻንጣዬን ከፈትኩ፣
ስድስት ሳምንት በር ሥር የጠበቀኝን።
የቤት ካርታ የለ፣ ፓስፖርት የለ፣ የእናቴ ፎቶ የለ፤
የልጄ የዋና ልብስ፣ እርጥብ ፎጣ፣
ግማሽ ፖም፣ ቡናማ የሆነ።
ሳቄ መጣ። መርልም ሳቀች፤
«አይዞህ» አለችኝ፣ «የኔው ጉድ መሰላሉን ነው የጫነው።»

ስታቭሩላ ከሁላችን ኋላ መጣች።
በአንድ እጇ መፍቻ፣ በአንድ እጇ እጀታው።
«በሩስ?» አልናት።
«ክፍት ነው» አለች።
«ከመጣ ሳይሰብር ይግባ።»

ሌሊት ነፋሱ ፊቱን አዞረ።
ምክንያቱን አትጠይቁኝ፤ እኛን አይቶ አይደለም።
ከተረተሩ ማዶ ያሉት አራት ቤቶች አመድ ሆነዋል፤
ስማቸውን አውቃለሁ፣ እዚህ ግን አልጽፈውም።

ሐሙስ ስንመለስ ሰሌዳው ቀልጧል፤
ቀስቱ ከቀዩ ተንሸራቶ
አረንጓዴው ላይ ተንጠልጥሏል።
የሳቀ የለም።

ስታቭሩላ ጠራችኝ፤ በሩን ያዝኩላት፣
ብሎኑን አንድ በአንድ አጠበቀች።
እጀታው ቀዝቃዛ ነበር። በለሶቹን ወፍ ጨርሷቸዋል።

ቤቴ ገባሁ፤ ልጄ ሻንጣዋን ትፈልጋለች፣
ዋና አላት።
ወጥቼ መኪናዬን አየሁት፤ ስንገባ በድካም ረስቼ
ፊቱን ወደ ዳገት አቁሜዋለሁ።
አዞርኩት።
ገና ጥር ነው።